«ወላጅ አምጪ!»

በዛሬው ትምህርታችን የምናነሳው ጉዳይ ለማናችሁም አዲስ አይደለም። ሰልፍ ካለፈ በኋላ በር ላይ የተያዘች፣ ሦስት ቀን የቀረች፣ ክፍል ውስጥ የተጣላች ልጅ ሁሉ የምትሰማው አንድ ትእዛዝ አለ። «ወላጅ አምጪ!» ይባላል። ይህን ስትሰሙ ሆዳችሁን ቁርጥ የማያደርጋችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ «ወላጅ አምጪ» የተባልኩት በ1998 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬ ራሴ በአንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ የልጃገረዶች ክበብንም አስተባብራለሁ። ያኔ ያደረግሁትን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። ትንሽ ቆይተው ዝም ይላሉ። ከክፍል ስወጣ ደግሞ ከሳቁት መካከል አንዷ ወይም ሁለቷ ተከትለውኝ «ቲቸር፣ እኔም እኮ…» ይሉኛል። ታሪኩን እዚህ የጻፍኩት በእነዚህ «እኔም እኮ» በሚሉት ልጆች ምክንያት ነው።

ከየካ ሚካኤል እስከ ትምህርት ቤት

ቤታችን ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ወደ ተራራው በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሾላ ገበያ ነጋዴዎች ታስረክባለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ምጣዱ ይጣዳል። የሚነደው ከእንጦጦና ከየካ ተራራ እናቶች በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። አካባቢውን የምታውቁ ታስታውሷቸዋላችሁ፤ ሸክሙ ከሰውየዋ ይበልጣል፤ ከሩቅ ሲታይ ቅጠሉ ብቻውን ቁልቁል የሚሄድ ይመስላል። ከተሸካሚዎቹ መካከል በስምንተኛ ክፍል አብረውኝ የተማሩ ሁለት ልጆች ነበሩ። ከስምንተኛ በኋላ ደብተር ይዘው አላየኋቸውም።

የእኔ ትምህርት ቤት ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ነበር። ከሰፈራችን ሩቅ ነው፤ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል አድርጌ አራት ኪሎ ወርጄ ሌላ ታክሲ እይዛለሁ። እናቴ ይህን ትምህርት ቤት የወደደችው በአንድ ምክንያት ነው። «ወንድ ስለሌለ ልቤ ያርፋል» ትላለች። የብዙ ወላጆች ሐሳብ ይኸው ነው። አጥሩ ከፍ ያለ ነው፣ ዘበኛ አለ፣ በግቢው ውስጥ ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ልጄ ደህና ናት ይላሉ። ልጅቱ ግን አጥሩ ውስጥ አታድርም። ሄዳ ትመጣለች።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 በእቴጌይቱ ስም አዲስ አበባ ውስጥ ሲከፈት፣ በአገራችን ለሴት ልጆች የተቋቋመ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። ሴት ልጅን ከቤት አውጥቶ ለትምህርት መስጠት ባልተለመደበት በዚያ ዘመን፣ ትምህርት ቤቱ አዳሪ ተማሪዎችን ይቀበል ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን ተቋረጠ፤ በኋላም በደርግ ጊዜ ስሙ «የካቲት 12» ተብሎ ተለወጠ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቀድሞ ስሙ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል። አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤቱና ትምህርት ቤቱ አንድ ግቢ ናቸው፤ ልጅቱ ራት ላይ ከሌለች ወዲያው ይታወቃል። እኛ ተመላላሾች ግን ሁለት ቤት አለን። በሁለቱ ቤቶች መካከል ደግሞ መንገድ አለ።

ለምን ነበር የቀረሁት?

እንግዲህ ወደ ራሴ ልመለስ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ቀረሁ። ጥቅምት ላይም ሦስት ቀን፣ ኅዳር ላይም እንደዚያው። ምክንያቱን የዚህ መጽሔት ሴት አንባቢዎች ገና ቁጥሩን ስታዩ አውቃችሁታል። የወር አበባዬ ሲመጣ የምጠቀምበት ሞዴስ መግዣ አልነበረኝም፤ ጨርቅ አጥፌ መሄድ ደግሞ ከአንድ አሳፋሪ ቀን በኋላ አስጠላኝ። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ዩኒፎርሜን ለብሼ ከቤት እወጣለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እውላለሁ፤ የመመለሻ ሰዓት ሲደርስ ወደ ቤት እገባለሁ። እናቴ ተምሬ የመጣሁ ይመስላታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አሞኝ ቤት የተኛሁ ይመስለዋል።

ስም ጠሪዋ ሦስቱንም ወር «ቀሪ» ብላ መዝግባለች። ሦስቱም ወር ላይ የቀረሁባቸው ቀናት እንደሚመሳሰሉ ግን ማንም ልብ አላለም። በታኅሣሥ መጀመሪያ ዩኒት ሊደራችን ጠሩኝ። «ለምን ትቀሪያለሽ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ወንድ ናቸው፤ በዚያ ላይ ሦስት ሌሎች መምህራን ተቀምጠዋል። «ዝም ካልሽ ወላጅ አምጪ!»

ለእናቴ መንገር አቃተኝ። አንደኛ እናቴ አንድ ቀን ዋለች ማለት የዚያ ቀን እንጀራ አልተሸጠም ማለት ነው። ሌላው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቃሉን ከአፌ ማውጣት ነው ያቃተኝ። በቤታችን ስለ ወር አበባ ተነግሮ አያውቅም። ሲመጣብኝ ያስረዳችኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤ እሷም ግማሹን ተሳስታለች።

የኪራይ አጎት

የክፍሌ ልጅ መፍትሔ ነበራት። «ምን ችግር አለ? አጎት ተከራዪ!» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካስ በታክሲ ተራው አካባቢ ወላጅ ሆኖ የሚቆም ሰው አለ። ለሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች አጎት፣ ለአንዷ ደግሞ ታላቅ ወንድም ሆኖላቸዋል። ዋጋው 10 ብርና አንድ ማኪያቶ ነው።

ሰውየው ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ዩኒት ሊደሩ ፊት ቆሞ እንዴት አድርጎ እንደተቆጣኝ ብታዩ! «እህቴ ለፍታ ደክማ ታስተምርሻለች፣ አንቺ ግን…» እያለ ሲናገር እኔ ራሴ እውነት አጎቴ ሊመስለኝ ምንም አልቀረኝም። እንባዬም መጣ። ዩኒት ሊደሩ በጣም ደስ አላቸው። «እንደዚህ ዓይነት ወላጅ ቢበዛልን» አሉ። የሰውየውን ስልክ ቁጥር ተቀብለው ከስሜ ጎን መዝገቡ ላይ ጻፉት። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ብታጠፊ የምንደውለው ለእርሳቸው ነው» አሉኝ።

እህቶቼ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደገና አንብቧት። እኔ ያን ቀን እፎይ ብዬ ነበር የወጣሁት። በትምህርት ቤቴና በቤቴ መካከል የነበረችውን አንዲት ክር ቆርጬ ለማላውቀው ሰው እንደሰጠሁት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሰውየው በሳምንቱ በር ላይ ጠበቀኝ። «አጎትሽ አይደለሁም? ምሳ ልጋብዝሽ» አለኝ። ምሳ በላሁ። በሌላው ሳምንት የታክሲ ሰጠኝ። የገና በዓል ሲደርስ ደግሞ ሞባይል እንደሚገዛልኝ ነገረኝ፤ በዚያ ጊዜ ሞባይል የያዘች ተማሪ በክፍላችን ሁለት ብቻ ነበረች። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት የሚያስፈራ ሰው ይሆናልና። በኋላ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰኞ ትምህርት ቤት አትግቢ። አንድ ቦታ እንሄዳለን። ቢያጡሽስ? የሚደውሉት ለእኔ ነው።»

እሺ አልኩ። ያልኩት ፈልጌ ይሁን ፈርቼ ይሁን ዛሬም ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም። ምሳውን በልቻለሁ፣ ምስጢሬን ያውቃል፣ እምቢ ብል ለዩኒት ሊደሩ ሄዶ እውነቱን ቢናገርስ? ዕዳ ውስጥ እንደገባሁ ነበር የሚሰማኝ።

ጥር 12

የሰፈራችን ሰዎች እንደምታውቁት የየካ ሚካኤል ታቦት ከጃን ሜዳ የሚመለሰው ከጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን ነው። ያን ዓመትም ታቦቱን ሸኝተን ስንገባ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆመናል። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነጭ ለብሰው፣ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ለካስ እሳቸውም የየካ ሰው ናቸው። እኛ ተማሪዎች «ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው፤ ሰፈራቸውን ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

«ልጅዎ ናት?» አሏት እናቴን። «እንኳን አደረሳችሁ። አጎቷ እኮ እንዴት ያለ ሰው ናቸው! በየሁለት ቀኑ መጥተው በር ላይ ይጠብቋታል።»

እናቴ ሳቅ እንደያዘች «የቱ አጎቷ? እኔ ወንድም የለኝም፤ የአባቷም ወንድሞች አገር ቤት ናቸው» አለች።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከበሮው እየተመታ፣ እልልታው እየቀለጠ እኔ መሬቱን አየሁ።

እናቴ እዚያው ምንም አላለችኝም። ቤት ገብተን፣ ነጠላዋን ሰቅላ፣ በሩን ዘጋችና «ማነው?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሰውየው ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። የቀረሁበትን ምክንያት ስነግራት ግን ተቀመጠች። «ይህን ነው ከእኔ የደበቅሽው?» አለችኝ። «ለዚህ ነው ሰው የተከራየሽው?» ዱላ ስጠብቅ እሷ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ የእንጀራ ብር ከምታስቀምጥበት ጣሳ አውጥታ ሱቅ ላከችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እናቴ ብር ሞዴስ ገዛሁ።

ሰኞ ጠዋት ቡና የምታጣጣቸውን ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ ትምህርት ቤት መጣች። እጇ ላይ ሊጥ ደርቆ ነበር። ዩኒት ሊደሩ መዝገቡን አውጥተው ቁጥሩን ሲያዩ ቀለማቸው ተለወጠ፤ እስክሪብቶ ይዘው ሰረዙት፤ ደግመው ደግመው ሰረዙት። ሰውየው ከሰዓት በኋላ መጣ። በር ላይ ሦስት ሴቶችና አንድ ዘበኛ ቆመው ሲጠብቁት አየ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ፖሊስ ጋ መሄድ ነበረብን፤ አልሄድንም። «ስሟ ይጠፋል» ተብሎ ተተወ። የሌሎቹ የ10ኛ ክፍል ልጆች «አጎት» ሆኖ ስለቆየበት ጊዜ ሳስብ ይህ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል።

ባለቤት የሌለው ሰዓት

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። አንድ ነጭ ወረቀት አውጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 2 ሰዓት ድረስ መስመር አስምሩ። ቤተሰብ የት እንዳላችሁ በትክክል የሚያውቅበትን ሰዓት በአንድ ቀለም ቀቡ፤ ትምህርት ቤት የሚያውቅበትን በሌላ። ነጭ ሆኖ የቀረውን ቁጠሩ። በክበባችን ይህን ስንሠራ ብዙዎቹ ልጆች በደህናው ቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነጭ ያገኛሉ። መንገዱ፣ ታክሲ ጥበቃው፣ ከጓደኛ ጋር የሚቆሙበት ነው። የፎረፉበትን ቀን ሲቀቡ ግን ቀኑ በሙሉ ነጭ ይሆናል። እኔ በወር ሦስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ባለቤት አልነበረኝም። ቤትም ትምህርት ቤትም እያንዳንዳቸው «እዚያ ናት» ብለው ተኝተዋል።

ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በብዙ መንገድ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2017–18 በኢትዮጵያ ከተሞች በተካሄደው ሰፊ የምርመራ ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከተሜዎች 3.0 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በጾታ ሲከፈል በሴቶች 4.1 በመቶ፣ በወንዶች 1.9 በመቶ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ የአፍሪካ አገሮችም በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ከእኩዮቻቸው ወንዶች ይልቅ በብዛት ይያዛሉ። አንዱ ምክንያት ብዙዎቹ የሚያዙት ከክፍል ጓደኛቸው ሳይሆን በዕድሜ ከሚበልጣቸው ሰው መሆኑ ነው። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ብዙ ዓመት ኖሯል፤ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ16 ዓመት ልጅ ይበልጣል። ደግሞም ምሳ ያበላሽንና ምስጢርሽን የያዘን ሰው «እንመርመር» ወይም «ኮንዶም ያስፈልጋል» ብሎ መከራከር ቀላል አይደለም። እኔ ለምሳ እንኳን እምቢ ማለት አቅቶኝ ነበር።

በሌላ በኩል ትምህርት ቤት መቆየት ራሱ እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ1996 የትምህርት ሥርዓቷን ለውጣ ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ አንድ ዓመት እንዲጨምሩ አደረገች። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ የእነዚያን ልጆች ውጤት ከቀደሙት ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ የሁለተኛ ደረጃ ዓመት በቫይረሱ የመያዝን ዕድል በ8 በመቶ ነጥብ ያህል እንደቀነሰ አሳይተዋል፤ ጥቅሙ ለሴቶች ይበልጥ ከፍ ያለ ነበር። የተጨመረው የፀረ ኤድስ ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ዓመት በክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው። ስለዚህ በየወሩ ሦስት ቀን መቅረትን «ትንሽ ነገር» አንበለው።

ወተመህ ማለት ምን ማለት ነው?

በየትምህርት ቤታችሁ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ፤ በአጭሩ ወተመህ ይባላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲሳተፍ በር ከፍቷል። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ መርሃ ግብርም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከመማር ማስተማር፣ ከምቹ የመማሪያ ሁኔታና ከትምህርት ቤት አመራር ጋር አራተኛ መሠረት አድርጎ አስቀምጦታል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ብዙ ቦታ ወተመህ የሚታወቀው መዋጮ ሲሰበሰብና ተማሪ ሲባረር ነው። ስሙ ውስጥ «ተማሪ» የሚል አለ፤ እስቲ ወኪላችሁ ማን እንደሆነች የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

እኛ ጋ የለወጥነው ትልቅ ነገር አይደለም። የወላጆች ስብሰባ ድሮ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጉሊት የምትሸጥ እናት እንዴት ትመጣለች? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደረግነው፤ ቡናም ተፈላ። ቡና ሲኖር ወላጅ እንደ ተከሳሽ አይቀመጥም። ሌላው፣ ልጅ የቀረች ቀን በዚያው ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይደወላል። «ልጅዎ ጥፋት ሠርታለች» ተብሎ አይደለም፤ «ዛሬ አላየናትም፣ ደህና ናት ወይ?» ተብሎ ነው። በዓመት ቢያንስ አንዴ ደግሞ ለደግ ነገር እንደውላለን። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት እናት ጋ ደውዬ «ልጅዎ በባዮሎጂ ጥሩ ሠርታለች» ስላት «ምን አጠፋች?» አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት። «እሺ፣ መቼ ልምጣ?» አለች። ሦስተኛ ጊዜ ስነግራት ነው የገባት።

ሴት መምህራን ቢሮ ውስጥ ደግሞ አንድ ካርቶን ሞዴስ አለ። ከወተመህ መዋጮና ከአካባቢው ዕድር በተገኘ ብር የሚገዛ ነው። የምትፈልግ ትወስዳለች፤ ስም አይጻፍም። ከሁሉም ነገር ይህ ካርቶን ነው ቀሪውን የቀነሰው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ቤት ራሱ አስጊ ሲሆንስ?

አንዲት የክበባችን ልጅ በስብሰባ ላይ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ እናንተ ወላጅ ወላጅ ትላላችሁ፤ የሚያስቸግረኝ እዚያው ቤት ያለ ሰው ቢሆንስ?» ጥያቄዋ ትክክል ነው። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት የምትኖር፣ እናት አባቷን ያጣች፣ ሰው ቤት እየሠራች የማታ የምትማር አለች። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ «ወላጅ አምጪ» ማለት ከጅብ አፍ አውጥቶ ለጅብ መመለስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዷ ተማሪ መዝገቡ ላይ ከአሳዳጊዋ ሌላ የምታምነውን አንድ ትልቅ ሰው እንድታስመዘግብ እናደርጋለን። አክስት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ጎረቤት ይሆናል። ያ ሰው ግን በአካል መጥቶ መታየት አለበት፤ ምክንያቱን ከእኔ ታሪክ ታውቁታላችሁ።

የግድ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ቁጥር አለ፤ 72። አንዲት ልጅ ከተደፈረች ቫይረሱ እንዳይይዛት የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ መጀመር ያለበት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ተቋቁሟል። «ልብሴን ልቀይር፣ ልታጠብ» ሳትሉ መጀመሪያ ሐኪም ጋ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም 18 ዓመት ካልሞላት ልጅ ጋር ግንኙነት የፈጸመን ሰው፣ እሷ እሺ ብትልም ባትልም ይቀጣል፤ ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ከሆነ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። «ራሷ መጣች» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

ቤትና ትምህርት ቤት ይገናኙ ስል ደግሞ ሁሉም ነገር ለሁሉም ይነገር ማለቴ አይደለም። 15 ዓመት የሞላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ መመርመር ትችላላችሁ፤ ውጤቱም የእናንተ ነው። በክፍላችሁ ከእናቷ በውልደት ቫይረሱ ይዟት መድኃኒቷን በየቀኑ እየወሰደች የምትማር ልጅ ልትኖር ትችላለች። ለማን እንደምትናገር የምትወስነው እሷ ናት። ይህ ጉዳይ የወተመህ አጀንዳ፣ የስም ጠሪዋ ማስታወሻም፣ የቡና ወሬም አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዳ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ከደረሰ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ በመቀመጥና በመብላት ደግሞ ድሮም አይተላለፍም።

መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር

በየዓመቱ መስከረም ላይ የ9ኛ ክፍል ምዝገባ ሲያልቅ እኔና ሁለት መምህራን መዝገቡ ላይ ያሉትን የወላጅ ስልኮች አንድ በአንድ እንደውላለን። አድካሚ ሥራ ነው። አንዳንዱ ተዘግቷል፣ አንዳንዱ ተሳስቷል፣ አንዳንዷ እናት «እንዴ! ትምህርት ቤት ለሰላምታም ይደውላል?» ብላ ትስቃለች።

በአንዱ ዓመት የማይተዋወቁ፣ በተለያየ ሴክሽን ያሉ ሁለት ልጆች ስም ጎን አንድ ዓይነት ቁጥር አገኘሁ። ስደውል የወጣት ወንድ ድምፅ አነሳ። «የማን አባት ነህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «የማንኛዋ?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ልጆቹን ለየብቻ አስጠራሁ። በሩን ዘጋሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ መምህር አልነበረም። «ለምን?» ብዬ አልጀመርኩም። ስለ ራሴ የኪራይ አጎት ነገርኳቸው። አንደኛዋ ገና «10 ብርና አንድ ማኪያቶ» ስል ሳቀች፤ «አሁን እኮ መቶ ብር ገብቷል ቲቸር» አለችኝ። ቀጥላ አለቀሰች። ሰውየው ገና ምንም አልጠየቃትም ነበር፤ ምሳ ብቻ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ቁጥሩን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የሁለቱም እናቶች ቅዳሜ መጡ፤ አንዷ ከሥራ ስለመጣች አርፍዳ ስትደርስ ስብሰባው ሊያልቅ ነበር፤ ሌላኛዋ ቡናውን ሦስተኛውን አስጠብቃላታለች።